ጨው የማይወጣበት ጉድጓድ፣ ጦር የሌለው ታታር

በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ሁለቱ የኛ ነበሩ፦ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። ሁለቱ ደግሞ የፖላንድ፦ የክራኮቭ አሮጌ ከተማና ከከተማዋ ወጣ ብሎ የሚገኘው የቪየሊችካ የጨው ጉድጓድ። (ዓመቶቹንና ወራቱን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አንባቢ በየመሥመሩ ሰባትና ስምንት ሲቀንስ እንዳይውል።) ስማቸው በአንድ መዝገብ ጎን ለጎን ይስፈር እንጂ ወደነሱ የሚሄደው ሰው ጉዳይ ለየቅል ነው። ለገና ወደ ላሊበላ የሚወጣው ገበሬ በእግሩ ቀናት ተጉዞ ሊሳለም ነው። ዓርብ ማታ ክራኮቭ አውሮፕላን ጣቢያ የሚወርደው ብዙ ወጣት ግን፣ ሐቁን ለመናገር፣ ሊጠጣ ነው የመጣው። ጓደኛው ሊያገባ ነው፤ ሚዜዎቹ አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው፣ ሙሽራውን የሴት ቀሚስ አልብሰው፣ በርካሽ ትኬት መጥተው እሑድ ይመለሳሉ። ከተማዋ ጩኸቱ ሲመራት ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ሱቆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል መጠጥ እንዳይሸጡ ከልክላለች። ቡና ቤቶቹን ግን አልነካችም፤ ለጎብኚው ያለው ገበያ ቀላል አይደለም።

እኔም የሄድኩት ልዝናና ነው፤ ስለዚህ ሚዜዎቹን አፌን ሞልቼ መውቀስ አልችልም። ጥቂት ከተዘዋወርኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ በሄድኩበት ሁሉ ያንኑ ማየት ጀመርኩ። ክራኮቭ ውስጥ ሰው የሚዝናናበት ቦታ ሁሉ ቀድሞ ሌላ ሥራ ነበረው። ወይ ሰው ላቡን ያፈሰሰበት ነው፣ ወይ ጠላት የተፈራበት። ከተማዋ ለጨዋታ ብላ አዲስ ነገር ስትሠራ ብዙም አላየሁም፤ የቆየው ሥራውን ሲጨርስ መጫወቻ ታደርገዋለች።

ከፕላንቲ ልጀምር። ፕላንቲ አሮጌውን ከተማ እንደ መቀነት የሚዞር መናፈሻ ነው፤ ርዝመቱ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዝግ ብሎ ለሚራመድ ሰው የአንድ ሰዓት መንገድ። ጥላቸው የከበደ ዛፎች አሉት። የልጅ ጋሪ የሚገፉ እናቶች፣ ጋዜጣ የዘረጉ ሽማግሌዎች፣ ከክፍል የጠፉ የሚመስሉ ተማሪዎች አግዳሚ ወንበሮቹን ተከፋፍለዋቸዋል። መጀመሪያ የገረመኝ ቅርጹ ነበር፤ መናፈሻ ለምን እንዲህ ጠባብና ረጅም ይሆናል? መልሱ ከእግራችን ሥር ነው፤ የምንንሸራሸረው የከተማዋ ቅጥር ቆሞበት በነበረ መሬት ላይ ነው። ክራኮቭን ለዘመናት የጠበቃት ግንብና ቦይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አርጅቶ ስለነበር እንዲፈርስ ተወሰነ፤ ከ1822 እስከ 1830 ባሉት ዓመታት ቦዩ ተደልድሎ ዛፍ ተተከለበት። ከሰሜን በኩል ያለችው ቁራጭ ብቻ ተረፈች፦ የፍሎሪያን በርና ከፊቱ የተቀመጠው ባርባካን የሚባል ክብ ምሽግ። ያተረፏቸው ፌሊክስ ራድቫንስኪ የተባሉ ፕሮፌሰር ናቸው። ስለ ታሪክና ስለ አባቶች ቅርስ ቢሰብኩ ሰሚ እንደማያገኙ ስለገባቸው፣ ይህ ግንብ ከፈረሰ የሰሜኑ ብርድ በቀጥታ ገብቶ ሕዝቡን በቁርጥማትና በጉንፋን ይጨርሰዋል ብለው ተከራከሩ ይባላል። የሹም ጉልበት መቆርጠም ሲመጣ ውሳኔ ይለወጣል። ዛሬ በዚያ ግንብ ላይ ሠዓሊዎች ሥራቸውን ሰቅለው ይሸጣሉ። ሥዕሎቹ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ አብዛኞቹ ለአንዴ ማየት የሚበቁ ናቸው።

በመናፈሻው አፋፍ፣ በየመንገዱ ማዕዘን፣ ኦብቫዣኔክ የሚሸጥባቸው ትንንሽ ጋሪዎች ቆመዋል። እንደ ሹሩባ ተገምዶ በቀለበት መልክ የተጋገረ ዳቦ ነው፤ ከላዩ ሰሊጥ ወይም ጨው ተነስንሶበታል። ስሙ በ1394 በንግሥት ያድቪጋ ቤተ መንግሥት የወጪ መዝገብ ላይ ይገኛል፤ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከክራኮቭና ከአካባቢዋ ውጪ የተጋገረ ዳቦ በዚህ ስም መሸጥ አይችልም። ጠዋት ሲገዙት ትኩስና ልዝብ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጥርስ ይፈትናል። የአገሬው ሰው ይህን ስለሚያውቅ በጠዋት ይገዛል፤ የደረቀው ለእኛ ለእንግዶችና ለርግቦች ይተርፋል።

ርግቦቹ ያሉት ዋናው አደባባይ፣ ሪኔክ ግውቭኒ ላይ ነው። በ1257 መስፍኑ ቦሌስዋፍ አምስተኛ ከተማዋን በአዲስ ፕላን ሲያስቀይስ የተለካ ሜዳ ነው፤ እያንዳንዱ ጎኑ ወደ 200 ሜትር ይደርሳል። ይህን ያህል ስፋት ያስፈለገው ለገበያ ነበር፤ መሐሉ ላይ የተጋደመው ረጅም ሕንፃ ሱኪየኒጼ የጨርቅ ነጋዴዎች ቤት ነው። ዛሬም ምድር ቤቱ ውስጥ ይሸጣል፤ ዕቃው ብቻ ተለውጦ የአምበር ጌጥና የእንጨት ዘንዶ ሆኗል። ፎቁ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የፖላንድ ሥዕል ሙዚየም ነው፤ ለእኔ ከተማዋ ውስጥ ካሉት ሙዚየሞች ሁሉ ተቀምጠው የሚውሉበት እሱ ነው። የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን «አቆስጣ የያዘችው እመቤት» ለማየት በቻርቶሪስኪ ሙዚየም የሚሰለፈው ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ተሰልፌያለሁ። ሥዕሏ ትንሽ ናት፣ ሰዉ ብዙ ነው፣ ስልኩ ከሰዉ ይበዛል። በዚህ ላይ ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ከአደባባዩ ጥግ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሁለት እኩል ያልሆኑ ማማዎቿን ይዛ ቆማለች። በየሰዓቱ፣ ቀንም ሌሊትም፣ ከረጅሙ ማማ ላይ መለከት ይነፋል። ዜማው አንድ ነው፤ ወደ አራቱም አቅጣጫ ይደገማል፤ ሁልጊዜም ሳያልቅ መሐል ላይ ይቋረጣል። በአፈ ታሪኩ መሠረት በ1241 ታታሮች ከተማዋን ሲወሩ ጠባቂው ሕዝቡን በመለከት ሲያስጠነቅቅ ቀስት ጉሮሮውን ወጋው፤ ዜማው በዚያው ቀረ። ታሪኩን በዓለም ያስፋፋው ግን ኤሪክ ኬሊ የተባለ አሜሪካዊ በ1928 ያሳተመው የልጆች መጽሐፍ ነው፤ የታሪክ ሰዎችም ስለ ቀስቱ ሲጠየቁ ትከሻቸውን መነቅነቅ ይመርጣሉ። ነፊዎቹ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው፤ ማማው ድሮ እሳትና ጠላት የሚጠበቅበት ነበርና። የቀትሩ ደግሞ ከ1927 ጀምሮ በፖላንድ ሬዲዮ ለመላ አገሪቱ ይተላለፋል። ሥር የቆመው ሕዝብ ዜማው ሲቋረጥ አንገቱን ወደ ላይ አንጋጦ እጁን ያውለበልባል። ነፊውም መለከቱን አውርዶ ከመስኮቱ እጁን ያውለበልባል። ጠባቂ ነበር፤ አሁን እንግዳ ተቀባይ ሆኗል።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። «የወተት ቤት» የሚሏቸው ርካሽ ምግብ ቤቶች አሉ፤ መንግሥት የሚደጉማቸው፣ ተማሪውና ጡረተኛው በአንድ ሰልፍ ቆሞ ትሪውን ይዞ የሚበላባቸው። ከተቦካ የራይ እህል ሊጥ የሚሠራው ዡሬክ የሚባለው ሾርባ ቆምጠጥ ስለሚል እንጀራ ለለመደ አፍ ባዕድ አይሆንም። አስተናጋጆቹ ፈገግ አይሉም፤ ቶሎ በልቶ መነሣት ነው።

ማታ የክራኮቭ ጨዋታ ወደ መሬት ውስጥ ይወርዳል። በዘመናት ብዛት የአደባባዩ መሬት እየተቆለለ ከፍ ስላለ የጥንቱ ቤቶች ምድር ቤት ዛሬ ከመሬት በታች ቀርቷል፤ የጡብ ቅስት ያላቸው እነዚያ ክፍሎች ድሮ የነጋዴ መጋዘን ነበሩ፤ አሁን የጃዝ ቤትና ቡና ቤት ናቸው። ከሁሉ የታወቀው «ከበጎቹ በታች ያለው ምድር ቤት» የሚባለው ነው፤ ስያሜው የመጣው ከላዩ ካለው ቤተ መንግሥት ነው። በ1956 ፒዮትር ስክሺኔጽኪ የተባለ ሰው ከተማሪ ጓደኞቹ ጋር የዘፈንና የቀልድ ምሽት ጀመረበት። ጊዜው የኮሚኒስት አገዛዝ ነበር። ስክሺኔጽኪ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ትንሿን ቃጭል እያቃጨለ፣ የመንግሥትን አዋጅ በዜማ ያስደምጥ ነበር፤ አዋጁ ራሱ ከማንም ቀልድ በላይ ያስቅ ስለነበር አዲስ ቀልድ መድረስ አላስፈለጋቸውም። ስክሺኔጽኪ በ1997 ዐረፈ። የነሐስ ሐውልቱ ከአደባባዩ ካፌዎች በአንዱ በር ላይ ወንበር ይዞ ተቀምጧል፤ አበባ አይለየውም። ካምቦሎጆና ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ቅኔ ለበስ ዘፈን ሲሰማ ያደገ የኔ ዘመን ሰው ይህን ምድር ቤት ለመረዳት አስተርጓሚ ብዙም አያስፈልገውም።

ካዚሚዬዥ የሚባለው ሠፈር ከአሮጌው ከተማ በስተደቡብ ነው። ንጉሥ ካዚሚዬዥ ታላቁ በ1335 ራሱን የቻለ ከተማ አድርጎ መሠረተው፤ ከጊዜ በኋላ የአይሁዶች ሠፈር ሆነ። ዛሬ ወጣቱ የሚመሽበት እዚህ ነው። «አዲሱ አደባባይ» መሐል ላይ ክብ የጡብ ቤት አለ፤ ዙሪያውን ባሉት መስኮቶች ዛፒየካንካ ይሸጥበታል፤ ለሁለት የተሰነጠቀ ረጅም ዳቦ፣ እንጉዳይና አይብ ተደርጎበት የተጠበሰ። እኩለ ሌሊት ላይ ሰልፉ ቤቱን ይዞረዋል። ይህ ክብ ቤት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት አይሁዶች በሃይማኖታቸው ሥርዓት ዶሮ የሚያሳርዱበት ነበር። ትንሽ አለፍ ብሎ ደግሞ ጠረጴዛዎቹ በሙሉ የሲንጀር መኪና የሆኑበት ካፌ አለ፤ ቢራውን የልብስ ስፌት መኪናው ላይ አስቀምጠህ ሳታስበው እግርህ ፔዳሉን ይረግጣል። እናቱ በሲንጀር ስታሳድገው ለኖረ ሰው ቀልዱ ለጥቂት ደቂቃ ይጣፍጣል፤ ከዚያ ልብስ ሰፊዎቹ የት ሄዱ የሚለው ጥያቄ ይመጣል።

ከጦርነቱ በፊት ከክራኮቭ ነዋሪ አንድ አራተኛ ገደማ አይሁድ ነበር። ጀርመኖች በመጋቢት 1941 ከወንዙ ማዶ ፖድጉዤ ውስጥ አጥር አጥረው አጎሩአቸው፤ በመጋቢት 1943 ያን ጌቶ ባዶ አደረጉት። የሚጫኑት ሰዎች የተሰበሰቡበት አደባባይ ዛሬ የጌቶው ጀግኖች አደባባይ ይባላል። ከ2005 ጀምሮ 70 የብረት ወንበሮች ተራርቀው ቆመውበታል፤ ሰዎቹ ሲወሰዱ የቤት ዕቃቸው በሜዳው ላይ ተበትኖ መቅረቱን ለማስታወስ። ያን ያየው እዚያው አደባባይ ላይ መድኃኒት ቤት የነበረው ታዴውሽ ፓንኪየቪች ነው፤ አይሁድ ሳይሆን በጌቶው ውስጥ መድኃኒት ቤቱን ከፍቶ የቆየ ፖላንዳዊ። መድኃኒት ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው። ከወንበሮቹ ትንንሾቹ ዳር ላይ፣ የባቡር ማቆሚያው አጠገብ ናቸው፤ የከተማው ሰው ትራም ሲጠብቅ ይቀመጥባቸዋል። ሠሪዎቹም እንዲቀመጥባቸው ፈልገው ነው ያደረጉት። እኔ ግን ቆሜ ጠበቅኩ።

እዚህ ላይ የከተማዋ ልማድ ገደቡን ያገኛል ብዬ አምናለሁ። አሮጌው ከተማ ውስጥ ቱሪስት የሚያመላልሱት ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ጎን ላይ የጉብኝት ዝርዝር ተለጥፏል፦ የጨው ጉድጓድ፣ የተኩስ መለማመጃ፣ የወንዝ ሽርሽር፣ አውሽቪትዝ። በአንድ ሰሌዳ፣ በአንድ ዓይነት ቀለም። አንዳንዱም ጨው ጉድጓዱንና አውሽቪትዝን በአንድ ቀን አዳብሎ በቅናሽ ይሸጣል። ናዚዎች አይሁዶችን በጅምላ ወደፈጁበት ካምፕ፣ ወደ አውሽቪትዝ፣ መሄድ ይገባል፤ ማንም ክራኮቭ የደረሰ ሰው ቢሄድ መልካም ነው። ነገር ግን ለብቻው የተመደበ ቀን ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ ቀጠሮ አይኑር። በካዚሚዬዥ በየዓመቱ የሚደረገውን የአይሁድ ባህል ፌስቲቫል በተመለከተ ግን ሐሳቤ ሌላ ነው። በ1988 ሲጀመር ያሰናዱት አይሁድ ያልሆኑ ወጣቶች ነበሩ፤ «የሌለ ሕዝብ ዘፈን ለቱሪስት» ብሎ የሚተቻቸው አይጠፋም። በየምግብ ቤቱ በር ላይ ለእራት ማጣፈጫ ስለሚነፋው ክላሪኔት ትችቱ ልክ ነው። ፌስቲቫሉ ግን ከእስራኤልና ከአሜሪካ ሙዚቀኞችን፣ የምኩራብ ዘማሪዎችንና መምህራንን እየጠራ የአካባቢውን ልጅ ከጎረቤቶቹ ታሪክ ጋር አስተዋውቋል። ይህ ከዝምታ ይሻላል።

ቪየሊችካ ከከተማዋ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ጉብኝቱ የሚጀምረው በደረጃ ነው፤ በእንጨት ደረጃ 380 እርከን ወደ ታች። መጨረሻ ያለው አይመስልም፤ ከኋላዬ የነበሩ ሕፃናት መቁጠር ጀምረው ሁለት መቶ ሳይደርሱ ተጣሉ። የቱሪስቱ መንገድ እስከ 135 ሜትር ጥልቀት ይወርዳል፤ ርዝመቱ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጠቅላላው ዋሻ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ያየነው ከእህል ውሃ አይቆጠርም። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ የምንረግጠው ወለል ጨው ነው፤ ጠቆር ያለ፣ ድንጋይ የሚመስል ጨው። አስጎብኚዋ «ካላመናችሁ ላሱት» ስትል ፈረንጆቹ ምላሳቸውን አወጡ። እኔ በጣቴ ነክቼ ቀመስኩ፤ ጨው ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። አሞሌ ለገንዘብ ሲመነዘር ከኖረበት አገር ለሄደ ሰው የተቀረው ገለጻ አዲስ አይሆንበትም፦ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከንጉሡ ግምጃ ቤት ገቢ ሲሶው ገደማ ከዚህ ጉድጓድ ይወጣ ነበር። የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ፣ ምሽጉ፣ የነገሥታቱ የቫቬል ቤተ መንግሥት ድግስ፣ ሁሉም ጨው ያቆመው ነው።

ጨው ቆፋሪዎቹ ከመሬት በታች ውለው የሚያድሩ፣ ጋዝ ሲፈነዳና ውሃ ሲገባ የሚሞቱ ሰዎች ስለነበሩ ጸሎት ቤት ያስፈልጋቸው ነበር። እንጨት ይቃጠላል፤ ስለዚህ ከጨው ጠረቡ። ትልቁ የቅድስት ኪንጋ ጸሎት ቤት ነው፤ ከመሬት 101 ሜትር በታች፣ 54 ሜትር ርዝመት፣ 18 ሜትር ስፋት፣ 12 ሜትር ከፍታ። ሥራው በ1896 ተጀምሮ ከስድሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ ዋነኞቹ ጠራቢዎች ሦስት ማዕድን ቆፋሪዎች ናቸው፦ ወንድማማቾቹ ዩዜፍና ቶማሽ ማርኮፍስኪ፣ ከነሱ በኋላም አንቶኒ ቪሮዴክ። ሥራቸው ጥበብ ሳይሆን ቁፋሮ ነበር። መሠዊያው፣ የመጨረሻው እራት በግድግዳው ላይ፣ የተንጠለጠሉት ፋኖሶች እንኳ ሳይቀሩ ከጨው የተሠሩ ናቸው። ላሊበላን የሚያውቅ ሰው ልቡ እዚህ ትንሽ ይመታል፤ ድንጋይን ከላይ ወደ ታች ፈልፍሎ ቤተ ክርስቲያን ማውጣትና ጨውን ከውስጥ ወደ ውስጥ ቦርቡሮ ጸሎት ቤት መሥራት አንድ ቤተሰብ ናቸው። ልዩነቱ እዚያው ጸሎት ቤት ውስጥ ኮንሰርትና ሠርግ መኖሩ ነው፤ ሌሎቹ አዳራሾች ውስጥማ ግብዣ አለ፣ ጭፈራ አለ፣ ሳንባ ለሚያማቸው ሰዎች የሕክምና ማረፊያ አለ። 36 ሜትር ከፍታ ባለው አዳራሽ ውስጥ በሞቀ አየር የተሞላ ባሉን ያበረሩም አልጠፉም። ለንግድ የሚሆን ጨው ማውጣት የቆመው በ1996 ነው። ከታች ስትሠራ የነበረችው የመጨረሻዋ ፈረስ ባሽካ ግን እስከ 2002 ድረስ እዚያው ቆይታለች፤ የጎብኚው ሰልፍ ሲያልፍ ምን ይሰማት እንደነበር ማን ይጠይቃታል?

መውጫው በማዕድን ቆፋሪዎቹ ሊፍት ነው። ዘጠኝ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ጨለማ ውስጥ ወደ ላይ ሽቅብ ይወረወራል። ሳይጠየቁ የጉብኝቱ ምርጥ ክፍል ይህ ነው የሚሉት ልጆች ናቸው።

በበጋ ከዋሻ ይልቅ ውሃ ያምራል። ዛክሹቬክ ድሮ የኖራ ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሥራው ሲቆምና የውሃ መሳቢያዎቹ ሲጠፉ ጉድጓዱ ራሱን በራሱ ሞላው። ገደሉ ነጭ፣ ውሃው ሰማያዊ አረንጓዴ ነው። ለዓመታት ወጣቶች በአጥር እየሾለኩ ከገደሉ ላይ ሲዘሉ አንዳንዶቹ ሞቱ። በ2023 ከተማዋ ተንሳፋፊ የመዋኛ ገንዳዎችን ሠርታ በነፃ ከፈተችው። በሞቃት ቀን ወረፋው ረጅም ነው፣ ግን ይደርሳል። በጀርመን ወረራ ጊዜ፣ በ1940፣ እዚህ ካባ ውስጥ ድንጋይ ይፈልጡ ከነበሩት አንዱ ካሮል ቮይቲዋ የሚባል የቋንቋ ተማሪ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ነበር፤ ሥራ የሌለው ወጣት ደግሞ ለጉልበት ሥራ ወደ ጀርመን ይጋዛል። ልጁ ኋላ የክራኮቭ ሊቀ ጳጳስ ሆነ፤ በጥቅምት 1978 ደግሞ የሮማ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆኖ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ ተባለ።

እንዲያውም ያ 1978 የሚባል ዓመት ሳይታሰብ ይከተለኛል። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ውድቀት የጻፈው «ንጉሠ ነገሥቱ» የታተመው በዚያው ዓመት ነው። በክራኮቭ መጻሕፍት ቤቶች መስኮት ላይ ዛሬም ይታያል። ፖላንዳውያን ያነበቡት ስለራሳቸው የፓርቲ ሹማምንት የተጻፈ ቅኔ አድርገው ነው፤ ያን በደንብ አስረዱኝ። እኛ ግን በውስጡ ያሉትን የቤተ መንግሥት ሰዎች የምናውቅ፣ ወይም ልጆቻቸውን የምናውቅ ሰዎች ስለሆንን ብዙው የፈጠራ መሆኑ ያንገበግበናል። ሻይ እየጠጣን ስለዚህ ስንከራከር አመሸን፤ ከተማው ውስጥ በነፃ ካገኘኋቸው መዝናኛዎች ይህ አንዱ ነው።

ወደ ጨዋታው ልመለስ። ክረምት በከተማዋ ሲገባ ግንበኛው ሥራ ይፈታል፤ ጭቃው ይቆረፍዳል፣ ሲሚንቶው አይዝም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የከተማዋ ዳር ሠፈሮች ግንበኞችና አናጢዎች ያን ወራት ለመሻገር ሾፕካ መሥራት ጀመሩ፦ የክርስቶስን ልደት የሚያሳይ ትንሽ ቤት። ግርግሙን ግን በረት ውስጥ አላስቀመጡትም፤ ሲገነቡና ሲጠግኑ የኖሩትን ክራኮቭን ራሷን ሠርተው መሐሏ ላይ አኖሩት። የማርያም ሁለት ማማዎች፣ የቫቬል ጉልላት፣ የባርባካን ምሽግ፣ ሁሉም ከካርቶንና ከቀጭን እንጨት ተሠርቶ በሚያብረቀርቅ የከረሜላ ወረቀት ይለበጣል። ከ1937 ጀምሮ በየታኅሣሡ የመጀመሪያ ሐሙስ አደባባዩ ላይ፣ ከባለቅኔው አዳም ሚጽኪየቪች ሐውልት ሥር፣ ይወዳደሩበታል፤ በ2018 ዩኔስኮ መዝግቦታል። በክረምት ላልመጣ ሰው ክሺሽቶፎሪ በሚባለው ሕንፃ ያለው የከተማዋ ሙዚየም ያለፉትን አሸናፊዎች ያሳያል። አንዳንዱ ከሰው ይረዝማል፤ አንዱ ግን ክብሪት ቀፎ ውስጥ ይገባል። ከወርቃማው የቫቬል ቤተ መንግሥት ይልቅ እኔን ያቆየችኝ ያቺ ክብሪት ቀፎ ናት።

ቫቬልን ዝም ብዬ አላልፈውም፤ ልጅ ይዞ የሄደ ሰው ከኮረብታው ሥር ያለውን ዘንዶ ሳያይ መመለስ አይችልምና። ዘንዶው ከነሐስ የተሠራ ሐውልት ሆኖ በየጥቂት ደቂቃው ከአፉ እሳት ይተፋል። ተረቱ የታወቀ ነው፤ አንድ ጫማ ሰፊ የበግ ቆዳ በድኝ ሞልቶ አበላው፣ ዘንዶውም ሲጠማው የቪስዋን ወንዝ ጠጥቶ ጠጥቶ ፈነዳ። አገር ሁሉ የፈራው አውሬ ዛሬ ዋና ሥራው ሕፃናትን ማስጮህ ነው።

ከሁሉ በላይ ያሳቀኝ ግን ላይኮኒክ ነው። ካቶሊኮች ቅዱስ ቁርባንን ይዘው በሰልፍ ከሚወጡበት በዓል በሳምንቱ ሐሙስ፣ ዝቭዤዥኒየጽ ከሚባለው ሠፈር አንድ ጢማም ታታር ይነሣል። ሾጣጣ ቆብ ደፍቷል፣ ወገቡ ላይ የእንጨት ፈረስ ታጥቋል፣ በእጁ የወርቅ ቀለም የተቀባ በትር ይዟል። ልብሱን በ1904 የነደፈው ታላቁ ሠዓሊና ጸሐፌ ተውኔት ስታኒስዋፍ ቪስፒያንስኪ ነው፤ ከነፈረሱ ወደ 40 ኪሎ ይመዝናል፤ ሰውየው ያን ተሸክሞ እየጨፈረ ወደ አደባባዩ ይደርሳል። ሲባል እንደሰማሁት፣ በወንዙ ላይ ግንድ የሚያንሳፍፉ ሠራተኞች ሌሊት ከከተማው ውጪ የሰፈሩትን ታታሮች ደፍተው፣ የአለቃቸውን ልብስ ለብሰው ከተማ ገቡ፤ ሕዝቡ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ሳቀ። እንግዲህ መለከቱን ያስቋረጠውም ታታር ነው፣ ይህ የሚጨፍረውም ታታር ነው። በየደረሰበት ባለ ሱቁን ግብር ያስከፍላል፣ ያገኘውን ሰው በበትሩ ይነካል። የተነካ ሰው ዓመቱን ሙሉ ዕድሉ ይቀናል ስለሚባል ሰዉ ትከሻውን አመቻችቶ ይገፋፋል።

እኔ ወደ ኋላ ቆሜ ነበር። አጠገቤ የነበረች ዕድሜዋ የገፋ ሴት በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና ለልጅ ልጇ አንድ ነገር ነገረቻት። ልጅቱ በእንግሊዝኛ፣ «አያቴ፣ ‹ጎንበስ ይበሉ፣ በጣም ረጅም ስለሆኑ በትሩ አይደርስዎትም› ትላለች» አለችኝ። ጎንበስ አልኩ። ታታሩ በላብ ተጠምቆ፣ ጢሙ ተንጋዶ፣ ትከሻዬን መታ አድርጎኝ አለፈ። በትሩ ከጠበቅሁት ይልቅ ከበድ ይላል። ከዚያ መድረኩ ላይ ወጥቶ የከተማዋ ሹም በገንዘብ የተሞላ ከረጢት በሕዝብ ፊት አስረከቡት፤ አንድ ጽዋም አብረው ጠጡ። አሮጊቷ አጨበጨበችና እንደገና ወደኔ ዞረች፤ ልጅቱም ተረጎመችልኝ፦ «የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። በሚመጣው ሰኔ ቀደም ብለው ይምጡ፤ ከፊት ያለው ቦታ ቶሎ ይያዛል።»